ያኮረፈ የሥራ ባልደረባን እንዴት እናነጋግረው?

በሥራው ላይ በሰጡት የእርማት አስተያየት ሆድ የባሰውን ሰው በዚያው ሰዓት «ምን ሆንህ?» እያሉ መወትወት ኩርፊያውን ያጠነክረዋል እንጂ አያበርደውም። ስሜቱ እስኪሰክን ጥቂት ይታገሡት፤ ከዚያም ከቢሮ አውጥተው፣ ለምሳሌ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ፒያሳ አብረውት በእግር እየሄዱ ያነጋግሩት፤ ጎን ለጎን የሚራመዱ ሰዎች ፊት ለፊት ለመፋጠጥ ስለማይገደዱ ነገሩ ይቀልላል። ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ቀርቦለት ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰሉን ካላቆመ፣ ገና አልወጣለትምና ዝም ብለው ይጠብቁት። ማጉረምረም ሲጀምር አያቋርጡት፤ «ሪፖርትህ በሰው ፊት መተቸቱ ነው ያስከፋህ?» ብለው ቅሬታውን በራስዎ ቃል ይመልሱለት። በአነጋገርዎ አጥፍተው ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁት፣ እርማቱን ግን አይሰርዙ (እኔን በግሌ የሚከብደኝ ይህኛው ነው)። ያንኑ ቅሬታ ለሦስተኛ ጊዜ ከደገመው፣ «ነገ ከየትኛው ገጽ እንጀምር?» ብለው ወደ ሥራው ይመልሱት።