የካውቦይ ዘመን ልብወለድ ለልጆች ስትጽፉ እነዚህን ተጠንቀቁ

ትልቁ ስህተት ዓመቱን ቁርጥ አለማድረግ ነው። «ድሮ፣ በካውቦይ ዘመን» ብሎ መጀመር ለተረት ያስኬዳል። ሌባ ለሚታደንበት ታሪክ ግን አያስኬድም፤ ወሬ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው ዓመቱ ነዋ። በ1860 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከሚዙሪ ካሊፎርኒያ ደብዳቤ ለማድረስ የፖኒ ኤክስፕረስ ፈረሰኞች እየተቀባበሉ 10 ቀን ያህል ይጋልቡ ነበር። በኦክቶበር 1861 የቴሌግራፍ ሽቦው ተገጣጠመ፣ ፈረሰኞቹም ወዲያው ሥራ ፈቱ። ታዲያ ሌባችሁ ሩቅ ከተማ ሲደርስ ሸሪፉ (የአካባቢው ሕግ አስከባሪ) ቀድሞ ሰምቷል ወይስ አልሰማም? እኔ ራሴ በ1858 ከካሊፎርኒያ ሚዙሪ ቴሌግራም ያስላክሁበት ረቂቅ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እዚያው ይቅር።

ሌላው የዛሬን ፖሊስ ወደ ድሮ መላክ ነው። የጣት አሻራ አሜሪካ ውስጥ ለወንጀል ምርመራ መዋል የጀመረው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። ልጆቹ የፈረስ ኮቴ፣ የጋሪ ዱካ፣ የእጅ ጽሑፍ ይመርምሩ። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ሰዓትን ነው። በኖቬምበር 1883 የባቡር ኩባንያዎች የጋራ ሰዓት እስኪያወጡ ድረስ ከተሞች ሰዓታቸውን የሚሞሉት በየራሳቸው ፀሐይ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ከተማ የመጡ ምስክሮች፣ ሁለቱም እውነቱን እየተናገሩ፣ በደቂቃዎች ሊለያዩ ይችላሉ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ይህን ነቅታበት ንጹሑን ሰው ስታስፈታ ይታያችሁ!

ሁሉንም ሰው ነጭ ማድረግም አለ። ጥቁር ካውቦዮች ነበሩ፣ ሜክሲኳውያን ከብት ጠባቂዎች ነበሩ፣ በ1869 የተጠናቀቀውን አገር አቋራጭ ሐዲድ ምዕራባዊ ክፍል በብዛት የዘረጉት ቻይናውያን ናቸው። ባስ ሪቭስ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ ከ1875 ጀምሮ በዛሬዋ ኦክላሆማ ወንጀለኛ ሲያሳድድ የኖረ የሕግ ሰው ነው። ነባሮቹን ሕዝቦችም በአንድ ከረጢት አትክተቱ፤ ላኮታዎች በቆዳ ድንኳን ሲኖሩ ፑዌብሎዎች የጭቃ ቤት ነበራቸው።

በመጨረሻ፣ እባካችሁ ምስጢሩን ሸሪፉ አይፍታው! ልጅ ይፍታው፤ ምስጢሩን የሚፈታበትም ምክንያት ልጁ ከሚሠራው ሥራ ይምጣ። ሰፋሪዎች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኦሪገን ሲጓዙ ጋሪውን የሚስበው አብዛኛውን ጊዜ በሬ ነበር፣ ሰዎቹ በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ልጆች ለማገዶ የጎሽ ኩበት ይለቅሙ ነበር። ኩበት ለቃሚ ልጅ ከሰፈሩ ራቅ ይላል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። የተቀበረውን ሳጥን ከእሱ በቀር ማን ሊያገኘው?