ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ጎንደር ስታስጭኑ
ካምቢዮ (የመኪና ማርሽ ሳጥን) ወይም ሞተር በጭነት መኪና ስታስልኩ አንድ አሮጌ ጎማ አብራችሁ ስጡ። ብረት በብረት ወለል ላይ ይንሸራተታል። አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት እየሄደ ይጋጫል፤ ጎንደር መግቢያ አዘዞ ሲደርስ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ።

ጎማውን አጋድሙት፣ ካምቢዮውን መሃሉ ላይ አስቀምጡና ሁለቱን አንድ ላይ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ። ጎማው ወለሉን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ንዝረቱንም ይውጣል።

ዘይቱን ቀድማችሁ አፍስሱ፤ የሰው ጤፍ ላይ ከፈሰሰ ካሳ ነው። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን መልሳችሁ አጥብቁ፣ አቧራ እንዳይገባ። «ዘይት የለውም» ብላችሁ ካርቶን ላይ ጽፋችሁ እሰሩበት፤ መካኒኩ ሳይሞላ እንዳያስነሳው።

ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን በጎማ አይላክም። ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) የሚያርፍበት ፊቱ ከተጫረ ውሃ ያሳልፋል። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጣውላ ላይ እሰሩት።