የፔይንትቦል ማርከር ፍጥነት ሲያንሰው፦ ከብሎኑ በፊት የሚፈተሹት

ማርከር በፔይንትቦል ጨዋታ የቀለም ኳስ በጋዝ ግፊት የሚተኩሰው መሣሪያ ነው። ኳሱ ከበርሜሉ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ መሬት የሚወድቅ ከሆነ የብዙ ተጫዋቾች እጅ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ፍጥነት ማስተካከያው ብሎን። ይህ ልማድ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። ብሎኑ ሥራውን በትክክል የሚሠራው ሌላው ነገር ሁሉ ጤነኛ ሲሆን ነው። የቀዘቀዘ ጋዝ፣ የተበላ ኦሪንግ (ጋዝ እንዳያመልጥ የሚያሽግ የላስቲክ ቀለበት) ወይም ለበርሜሉ የማይስማማ ኳስ ያመጣውን ድክመት በብሎን ሲሸፍኑት ችግሩ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ረፋዱ ላይ ጋዙ ሲሞቅ ደግሞ ያው ማርከር ከተፈቀደው በላይ መተኮስ ይጀምራል፤ የሚጎዳውም ከፊት ለፊት የቆመው ሰው ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የተለመደው ባለ 0.68 ካሊበር (ስፋቱ 0.68 ኢንች የሆነ) ኳስ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። አብዛኞቹ የአሜሪካ የውጭ ሜዳዎች በሰከንድ ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ በላይ አይፈቅዱም፤ በአዳራሽ ውስጥ የሚያጫውቱት ገደቡን ከዚህም ዝቅ ያደርጉታል። ፍጥነቱ ከ300 ወደ 350 ጫማ ከፍ ቢል ጭማሪው 17 በመቶ ነው፤ ኳሱ ይዞት የሚመታው ጉልበት ግን 36 በመቶ ያድጋል።

እዚህ የምመለከተው ማርከር ቲፕማን 98 ከስተም ነው። በኪራይ ሜዳዎች ብዙ ስለሚታይ፣ አሠራሩም ለመረዳት የማያስቸግር ስለሆነ መረጥሁት። ምላጩ ሲሳብ በሞላ የተገፋ መዶሻ ሄዶ ቫልቩን ይመታል፤ ቫልቩ ለቅጽበት ተከፍቶ ጋዝ ይለቃል፤ የጋዙ አንድ ክፍል ኳሱን ሲገፋ ሌላው ክፍል መዶሻውን ወደ ኋላ መልሶ ያቀባብለዋል። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው አንድ ጋዝ ስለሆነ፣ ጉልበት ያነሰው ማርከር ደካማ ከመተኮሱም በላይ ብዙ ጊዜ ራሱን ማቀባበል ያቅተዋል።

መጀመሪያ መለካት

የኳስን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ክሮኖግራፍ ይባላል። በደንብ የሚተዳደር ሜዳ ሁሉ አለው፤ በእጅ የሚያዝም ይሸጣል። ጭንብልዎን ያጥልቁ፤ አጠገብዎ ያሉ ሰዎችም ማጥለቃቸውን ያረጋግጡ፤ የበርሜሉን መሸፈኛ የሚያወልቁት በመለኪያው ፊት ብቻ ይሁን። ከዚያ በየተኩሱ መካከል ትንሽ እያረፉ ስምንት ወይም አሥር ኳስ ይተኩሱና እያንዳንዱን ቁጥር ይጻፉ። አንድ ጊዜ ተኩሶ በሰከንድ 240 ጫማ ያየ ሰው ገና ምንም አላወቀም። ምክንያቱን የሚያሳየው የቁጥሮቹ አካሄድ ነው።

ቁጥሮቹ ዝቅ ያሉ ሆነው የተቀራረቡ ከሆኑ፣ ለምሳሌ 242፣ 245፣ 240፣ 244፣ ማርከሩ የተረጋጋ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚጠረጠሩት የጋዙ ቅዝቃዜ፣ የደከመ ሞላ ወይም ከልክ በላይ የተጠበቀ ብሎን ናቸው። ቁጥሮቹ የሚዘሉ ከሆነ፣ 275 ብሎ 228፣ ከዚያ ደግሞ 261፣ ጥርጣሬው ወደ ኳሱና በርሜሉ፣ ወደ ኦሪንጎቹ ወይም ወደ ውስጡ ቆሻሻ ይዞራል። በመልካም ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ሲተኮስ እየወረደ የሚሄድ ፍጥነት ደግሞ ጋዙ በሚፈለገው ፍጥነት እየደረሰ አለመሆኑን ይነግራል። ይህን መለየት የጥገናው ግማሽ ነው። ከዚህ በኋላ በሚያደርጉት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ እንደገና ይለኩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ማርከሩ ቢድንለት እንኳ በምን እንደዳነ አያውቅም።

ጋዙ

የሚጠቀሙት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ምርመራውን ከሙቀት ይጀምሩ። በሲሊንደሩ ውስጥ አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ማርከሩን የሚያንቀሳቅሰው ከፈሳሹ የሚተነው ጋዝ ነው። ፈሳሹ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የቀረው መጠን አይደለም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግፊቱ 57 ባር ወይም 830 ፒኤስአይ (ሁለቱም የግፊት መለኪያ ናቸው) አካባቢ ሲሆን፣ በ0 ዲግሪ ወደ 35 ባር ወይም 505 ፒኤስአይ ይወርዳል። ሲሊንደሩም ብሎኑም ሳይነኩ ግፊቱ ወደ 40 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። በሚኒሶታ ወይም በዴንቨር በኅዳር ማለዳ ወጥተው የሚጫወቱ አንባቢዎች ማርከራቸው የታመመ የሚመስላቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቶሎ ቶሎ መተኮስም ያው ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ከራሱና ከሲሊንደሩ ስለሚወስድ፣ ለረጅም ሰዓት የበራ የቡታጋዝ ሲሊንደር እንደሚያልበው ሁሉ ይህም ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴም አመዳይ ይለብሳል። መፍትሔው ለተወሰኑ ደቂቃዎች ተኩሱን አቁሞ ማሳረፍ፣ ከጨዋታ በፊትም ሲሊንደሩን በቤት ሙቀት ማቆየት ነው። በእሳት፣ በፈላ ውኃ ወይም በማሞቂያ ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ግፊቱ ከመጠን ያልፍና የሲሊንደሩ የግፊት መከላከያ ይፈነዳል። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ደግሞ ይመዝኑት። ባለ 20 አውንስ ሲሊንደር ሲሞላ ከባዶው በ567 ግራም ይበልጣል።

የታመቀ አየር የሚጠቀሙ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ሲሊንደሩ እስከ 3,000 ወይም 4,500 ፒኤስአይ ይሞላል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሬጉሌተር ይህን በአብዛኛው ወደ 800 አካባቢ አውርዶ ለማርከሩ ይሰጣል። በጠቋሚው ላይ ያለው ቁጥር ወደዚያ መጠን ሲጠጋ ፍጥነቱ መውረዱ አይቀርም፤ ያስሞሉት። ጠቋሚው ሙሉ እያሳየ በፍጥነት ሲተኩሱ የሚወርድ ከሆነ ግን ሬጉሌተሩ ተዘግቷል ወይም ደክሟል። ሬጉሌተርን ቤት ውስጥ አይፍቱ፤ ለሠለጠነ ባለሙያ ይስጡት።

ቀጥሎ አገጣጠሙን ይመልከቱ። ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው ካልጠበቀ በቫልቩ ጫፍ ያለው ቀጭን መርፌ በሙሉ አይጫንም፤ ጋዙም በጠባብ መንገድ ያልፋል። የመክፈቻ ቁልፍ ያለው ከሆነም እስከ ዳር መከፈቱን ያረጋግጡ። በሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለው ኦሪንግ ከተቆረጠ ወይም ከተሰነጠቀ ይለውጡት፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። የሚያፈስስበት ቦታ ካልታወቀ በሳሙና ውኃ በብሩሽ ይቀቡና አረፋ የሚወጣበትን ይመልከቱ። በጣት እየዳሰሱ መፈለግ ግን ቆዳን ያቃጥላል፤ የሚወጣው ጋዝ እጅግ ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። በቫልቩና በሲሊንደሩ መገናኛ ላይ በጥፍር ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ መስመር ያስምሩ። ሲሊንደሩን ከማርከሩ ሲፈቱ መስመሩ ሳይለያይ ሁለቱ አብረው መዞር አለባቸው። መስመሩ ከተለያየ ሲሊንደሩ ከገዛ ቫልቩ እየተፈታ ነው፤ ወዲያው ያቁሙ፤ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ቫልቩ ወልቆ ሲሊንደሩ በመወንጨፉ በአሜሪካ ሰዎች ሞተዋል።

ኳሱና በርሜሉ

በርሜሉን አውልቀው በመመልከት ይጀምሩ። ውስጡ የፈነዳ ኳስ ቀለም ካለ በመጥረጊያ ያጽዱት፤ ቀለሙ የሚቀጥለውን ኳስ ያንሸራትታል፣ አቅጣጫውንም ያስታል። ከዚያ አንድ ኳስ በበርሜሉ የኋላ አፍ ያስገቡ። ኳሱ ያለ ምንም ግፊት ተንከባልሎ በሌላው ጫፍ ከወጣ በርሜሉ ሰፍቶበታል፤ ጋዙ በዙሪያው እያመለጠ ነው። ጠንከር ባለ ትንፋሽ ሲነፋ እንኳ ካልተነቃነቀ ደግሞ ጠብቦታል። ትክክለኛው በራሱ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ነው። ይህን ሙከራ የሚያደርጉት በርሜሉ ከማርከሩ ተለይቶ ብቻ መሆን እንዳለበት ግልጽ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ልጆች አብረው ስለሚጫወቱ እጽፈዋለሁ።

የኳሱ ልባስ ጄላቲን ነው፤ እርጥበት ያሳብጠዋል፣ ድርቀት ያኮማትረዋል። ባለፈው ዓመት ተገዝቶ ጋራዥ ውስጥ የከረመ ካርቶን ኳስ ማርከሩን በከንቱ ያስወነጅላል። ስለዚህ ቁጥሮቹ እየዘለሉ ከሆነ ማርከሩን ከመፍታትዎ በፊት በአዲስ ኳስ እንደገና ይለኩ። ኳሱን በቦታው የምትይዘው ትንሿ ማቆሚያ ላስቲክ ካለቀችም ኳሱ ከመተኮሱ በፊት ወደ ፊት ይንከባለላል፤ ያን ጊዜ የጋዙ ግፊት በክፍተቱ ይባክናል።

ውስጡን መክፈት

እስከዚህ ድረስ ካልተገኘ ማርከሩ ይከፈት። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ የኳሱን ቋት ያንሱ፣ ሲሊንደሩን ይፍቱ፣ ጭንብል እንዳጠለቁ ወደ ደህና አቅጣጫ ተኩሰው የቀረውን ጋዝ ያስወጡ፣ ማርከሩ ያልተቀባበለ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያ ብቻ ቁልፍ ያንሱ። የቲፕማን 98 አካል ሁለት ግማሽ ስለሆነ ብሎኖቹ ሲፈቱ አንዱ ጎን ይነሳል። ከማንሳትዎ በፊትና በኋላ በስልክ ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ብሎኖቹንም በወጡበት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ።

መጀመሪያ የሚታየው የኋላው ቦልት፣ ማለትም መዶሻው ላይ ያለው ኦሪንግ ነው። ከተበላ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ጋዙ በዳሩ ያልፋል፤ ማርከሩ በደንብ አያቀባብልም። ሲለውጡ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ይግዙ፤ በመልክ የሚመሳሰል የውኃ ቧንቧ ኦሪንግ አይበቃም። ቀጥሎ ሞላውን ያውጡ። ከአዲስ ሞላ ጎን ሲቀመጥ ካጠረ ወይም ከጎበጠ መዶሻው ቫልቩን የሚመታበት ጉልበት ቀንሷል፤ ቫልቩም የሚከፈተው ለአጭር ጊዜ ነው። ተቀራራቢ ሆነው ዝቅ ያሉ ቁጥሮች በሞቃት ቀንም ካልተነሱ እኔ መጀመሪያ የምለውጠው ሞላውን ነው።

የቀለም፣ የአሸዋና የአሮጌ ዘይት ቅሪት መዶሻውን ያዘገየዋል። በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ አምራቹ የሚፈቅደውን ዘይት ጥቂት ጠብታ ብቻ ይቀቡ። ደብሊው ዲ 40ን የመሳሰሉ የሚረጩ ዘይቶች ኦሪንግን ስለሚጎዱ አይጠቀሙ። መልሰው ገጥመው ጋዝ ሲያስገቡ በበርሜሉ በኩል የማያቋርጥ «ስስስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ የቫልቩ ማሸጊያ ተበላሽቷል፤ እሱም ይለወጣል።

አሁን ብሎኑ

በቲፕማን 98 ላይ ብሎኑ ያለው በግራ በኩል ነው። በብሩጎላ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲጠብቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በተቃራኒው ሲላላ ይጨምራል። ስፓይደርን በመሰሉ ማስተካከያቸው ከኋላ በሆነ ማርከሮች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማጥበቅ ሞላውን ስለሚያምቀው ፍጥነትን ይጨምራል። ስለዚህ የማርከርዎን መመሪያ ሳያዩ አይንኩት። ሩብ ዙር ያዙሩ፣ ሦስት ኳስ ይተኩሱ፣ ቁጥሩን ይዩ። የቲፕማኑን ብሎን ከአካሉ ገጽ በላይ ወጥቶ እስኪታይ አያላሉት። ገደቡ 300 ከሆነ 280 አካባቢ ማቆም ብልህነት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ፀሐይ ስትበረታ ተመልሶ ይለካ።

ኤሌክትሮኒክስ ያላቸው ማርከሮች

እነዚህ የተለየ አያያዝ ይፈልጋሉ። ባትሪው ሲደክም ቫልቩን የሚከፍተው ክፍል ሥራውን በሙሉ ስለማይሠራ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ በመሆኑም አዲስ ባትሪ የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ይስተካከላል፤ ከአምራቹ መነሻ ቁጥር ዝቅ ብሎ ከሆነ ይመልሱት። ፍጥነቱ የሚስተካከለው በአብዛኛው በማርከሩ ሬጉሌተር ነው። ዘይት አያንጠባጥቡባቸው፤ ኦሪንጎቻቸው የሚፈልጉት አምራቹ ያዘዘውን ግሪስ ነው፣ እሱም በስሱ።