የመጽሐፍ ቅዱስ ክንድ ወደ ሜትር እንዴት እንደሚቀየር

የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋ 30 ክንድ ነበር። ማባዛት ብቻ ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የራስዎን ክንድ ይርሱት። ጨርቅ በክንድ የገዛ ሰው የለኪው እጅ ሲያጥር ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ለተለመደው ክንድ 45 ሳንቲ ሜትር ይያዙ፤ መርከቧ 135 ሜትር ትረዝማለች። ኢንተርኔት ላይ ያሉ መቀየሪያዎች ክንዱን 18 ኢንች አድርገው 137.16 ይላሉ። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የተለካን ነገር በሳንቲ ሜትር አውቃለሁ የሚል ማሽን አላምንም።

4 ጣት አንድ ጋት፣ 3 ጋት አንድ ስንዝር፣ 2 ስንዝር አንድ ክንድ ነው። ልኩ ሲደባለቅ ሁሉንም ወደ ጣት ያውርዱ። ጎልያድ ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው፦ 144 ሲደመር 12፣ 156 ጣት። አንዱ ጣት 1.875 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ወደ 2.92 ሜትር ይደርሳል። (ከሙት ባሕር ጥቅልሎች አንዱ አራት ክንድ ከስንዝር ይላል፤ ያ ሁለት ሜትር ቢያልፍ ነው።)

እኔን ያዋረደኝ «የትኛው ክንድ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ የሕዝቅኤልን የመለኪያ ዘንግ ልሠራ ስድስቱን ክንድ በ45 አባዝቼ ጣውላውን 2.70 ሜትር ላይ ቆረጥሁት። አንድ ልጅ መጽሐፉን ከፍቶ ሲያነብ ቆየና «ጋሼ፣ ጋቱስ?» አለኝ። ምዕራፍ 40 ቁጥር 5 የዘንጉ ክንድ «ክንድ ከጋት» መሆኑን ይናገራል። ሰባት ጋት፣ 28 ጣት፣ 52.5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ዘንጉም 3.15 ሜትር። አንድ ሙሉ ክንድ ጎደለኝ፤ የተቆረጠ ጣውላ ደግሞ አይረዝምም።

ግብፆችም ባለ ሰባት ጋት ንጉሣዊ ክንድ ነበራቸው፤ የታላቁ ፒራሚድ አንዱ ጎን 440 ክንድ፣ 230 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከማባዛትዎ በፊት ዛሬም የሚለካ ነገር ይፈልጉ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያለው የሰሊሆም የውኃ ዋሻ ጽሑፍ 1200 ክንድ ይላል፤ ዋሻው 533 ሜትር ያህል ነው። ሲካፈል 44.4 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ እዚያ የሠራው አጭሩ ክንድ ነው።

በወንጌል «ምዕራፍ» የሚል ርቀት ሲያገኙ የመጽሐፍ ክፍል እንዳይመስልዎ፤ የግሪኮች ስታዲዮን ነው፣ 185 ሜትር ገደማ። ቢታንያ ከኢየሩሳሌም 15 ምዕራፍ ትርቃለች፤ ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ የእግር መንገድ።