የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የበረዶ ሆኪ ጥሎ ማለፍ ከጅማ ሆኖ ለመከታተል

እኛ ጅማ ውስጥ በረዶ የምናየው ከዶፍ ዝናብ ጋር በቆርቆሮ ላይ ሲንኳኳ ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች የበረዶ ሆኪ ውድድር በመጋቢት ወደ ጥሎ ማለፍ ሲገባ፣ ጨዋታውን ለመከታተል የሚያስፈልጉት አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና በትክክል የተሞላ አላርም ብቻ ናቸው። በከፍተኛው የወንዶች ዲቪዚዮን ስድስት ኮንፈረንሶች፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩ የዩኒቨርሲቲዎች ምድቦች፣ ያሉ ሲሆን፣ እዚህ ለምሳሌነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተውና 11 ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈው ሆኪ ኢስት ነው። ቦስተን ኮሌጅ፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሜይንና ኖርዝ ኢስተርን ከአባላቱ መካከል ይገኙበታል።

አዲስ ተመልካች ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ጨዋታውን ከማየት ነው፤ እኔ ግን ከደረጃ ሰንጠረዡ እንዲጀመር እመክራለሁ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው ዓመቱን ሙሉ በሰበሰበው ነጥብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ሌላ ፈተና አልነበረም። በሆኪ ኢስት ግን በመደበኛው ወቅት የተሰበሰበው ነጥብ ለጥሎ ማለፉ የሚያስገኘው ዋንጫ ሳይሆን ቦታ ነው። በመደበኛው 60 ደቂቃ ያሸነፈ ሦስት ነጥብ፣ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ያሸነፈ ሁለት፣ በዚሁ መንገድ የተሸነፈ ደግሞ አንድ ነጥብ ያገኛል። በመጨረሻም 11ዱም ቡድኖች ወደ ጥሎ ማለፉ ይገባሉ፤ ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ በቀጥታ ወደ ሩብ ፍጻሜ ሲያልፉ፣ 6ኛው ከ11ኛው፣ 7ኛው ከ10ኛው፣ 8ኛው ከ9ኛው ጋር የተሻለ ደረጃ ባለው ቡድን ሜዳ ይገናኛሉ። የመልስ ጨዋታ የለም፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ከዚያው ይሰናበታል።

የጥሎ ማለፉን ሰንጠረዥ በእስኪርቢቶ መሣል ስሕተት ነው። በእግር ኳስ የለመድነው የጥሎ ማለፍ ሥዕል የማን አሸናፊ ከማን አሸናፊ ጋር እንደሚገናኝ አስቀድሞ ያሳያል፤ እዚህ ግን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የቀሩት ቡድኖች በደረጃቸው እንደገና ይደረደራሉ። ከቀሩት ሁሉ የበላዩ ከቀሩት ሁሉ የበታቹን ያገኛል። ለምሳሌ 6ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው ቢያሸንፉ 1ኛው ከ8ኛው፣ 2ኛው ከ7ኛው፣ 3ኛው ከ6ኛው ጋር ይጫወታል። 11ኛው 6ኛውን ጥሎ 7ኛውና 8ኛው ቢያልፉ ግን 1ኛው ከ11ኛው፣ 2ኛው ከ8ኛው፣ 3ኛው ከ7ኛው ይገናኛሉ፤ በአንድ ጨዋታ ውጤት ምክንያት ሦስት ግጥሚያዎች ተቀየሩ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእርግጠኝነት ሊጻፍ የሚችለው የሩብ ፍጻሜ ግጥሚያ የ4ኛውና የ5ኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የቡድኑን ስም ብቻ ሳይሆን የደረጃ ቁጥሩንም አብረው ይጻፉ፤ ላጲስም አይራቅ። ሩብ ፍጻሜውም የተሻለ ደረጃ ባለው ቡድን ሜዳ የሚካሄድ ሲሆን፣ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው ቦስተን በሚገኘው ቲዲ ጋርደን ይደረጋሉ።

ቀጥሎ የሰዓት ጉዳይ ነው። ቦስተን በክረምት ሰዓቷ ከእኛ 8 ሰዓት ትዘገያለች፤ በፈረንጆቹ የማርች ወር ሁለተኛ እሑድ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፉ ልዩነቱ 7 ይሆናል። እነርሱ ምሽት 7፡00 ብለው የሚጽፉት፣ በእኛ አነጋገር የምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከለውጡ በፊት ጅማ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ከለውጡ በኋላ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እኔ ራሴ ይህን ዘንግቼ በ9 ሰዓት ስነሣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ነበር። ቀኑም ያሳስታል፤ የዓርብ ምሽት ጨዋታቸው ለእኛ ለቅዳሜ አጥቢያ ስለሆነ፣ ስልኩ ላይ አላርሙን ሲሞሉ የሚመረጠው ዓርብ ሳይሆን ቅዳሜ ነው። ረመዳን በዚህ ወቅት ሲውል ለሱሁር የሚነሣ ጎረቤት ቢያንስ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድካም ይደርስበታል። ኔትወርክ ሲደክም ደግሞ ምስሉን ትቶ ውጤቱን በጽሑፍ መከታተል ዳታም ትዕግሥትም ይቆጥባል።

ጨዋታውን ለማስረዳት ከረከቦት የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። በርጩማዎቹን ከበው ሲቀመጡ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ሲኒ ይደርድሩ፤ አምስቱ ተጫዋቾች፣ አንዱ ግብ ጠባቂ ነው። የጠርሙስ ቆርኪ እንደ ፐክ ያገለግላል፤ እውነተኛው ፐክ 7.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ጠፍጣፋ ጎማ ሲሆን፣ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት በማቀዝቀዣ ይደርቃል። የረከቦቱ ጠርዝ የሜዳው ግድግዳ መሆኑ ነው፤ ቆርኪው መትቶት ሲመለስ ጨዋታው አይቆምም። በክብሪት እንጨት ሁለት መስመር ይሥሩና ሜዳውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት። አጥቂ ሲኒ ከቆርኪው ቀድሞ ወደ ተጋጣሚው ክልል ከገባ ከጨዋታ ውጪ ነው። ቀላል ጥፋት ሲፈጸም ከአጥፊው ወገን አንድ ሲኒ ለሁለት ደቂቃ ያንሡ፤ የጎደለው ቡድን ግብ ከተቆጠረበት ሲኒው ጊዜው ሳይሞላ ይመለሳል። አብዛኛው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ዕጣው የሚለየው በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በዱላና በጥንግ ያደግን ሰዎች «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን፤ በዩኒቨርሲቲ ሆኪም ቁጣ ያስቀጣል፤ ቦክስ የሰነዘረ ተጫዋች ከዚያ ጨዋታ ተባሮ ቀጣዩንም ያጣል፤ በጥሎ ማለፍ ደግሞ ቀጣዩ ግማሽ ፍጻሜ ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው ሦስት የ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት አሉት። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በውጤት ወደ ኋላ የቀረው ቡድን ግቡ ባዶ ሆኖ ቢታይ ምስሉ የተበላሸ እንዳይመስልዎት፤ ግብ ጠባቂውን አስወጥቶ ስድስተኛ አጥቂ አስገብቶ ነው። እኩል ከወጡ በጥሎ ማለፉ የመለያ ምት የለም፤ አንድ ግብ እስኪቆጠር ድረስ 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ ላይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2015 በዚሁ ኮንፈረንስ የመጀመሪያ ዙር ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ኖትር ዳምን 4 ለ 3 ያሸነፈው በአምስተኛው ጭማሪ፣ ከ151 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ነው። ጠዋት ክፍል ወይም ሥራ ያለው ሰው ይህን አስቦ ይንቃ።

ፍጻሜውን ያሸነፈ ቡድን ላሞሪዬሎ የተባለውን ዋንጫ ከማንሣቱም በላይ 16 ቡድኖች ለሚሳተፉበት አገር አቀፍ ውድድር በቀጥታ ያልፋል። የተሸነፈው ግን ሁሉም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ስድስቱ የኮንፈረንስ አሸናፊዎች ከገቡ በኋላ ቀሪዎቹ 10 ቦታዎች በዓመቱ ውጤት ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ቦስተን ኮሌጅ በሩብ ፍጻሜው በኖርዝ ኢስተርን ተሸንፎ ቢሰናበትም፣ በአገር አቀፉ ድልድል 1ኛ ሆኖ ተቀምጧል፤ የኮንፈረንሱን ዋንጫ የወሰደው ደግሞ ሜይን ነበር። ስለዚህ ከሰንጠረዡ ላይ የተሸነፈውን ቡድን ስም ሲሰርዙ ቀለል አድርገው ይሰርዙት። የ16ቱ ድልድል የኮንፈረንሶቹ ፍጻሜዎች እንደተጠናቀቁ እሑድ ይፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው አዲሱን ሰንጠረዥ ይሥሩ። በዚህኛው በየዙሩ መደርደር ስለሌለ በእስኪርቢቶ መሣል ይቻላል።