ልጅን ለሕክምና ፈረስ ላይ ሲያወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ደላንታ ወይም ለጋምቦ ላለ ቤተሰብ ፈረስ ብርቅ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሚዛን ችግር) ያለበትን ልጅ በፈረስ ማከም እንደሚቻል ሲሰማ «እሱማ ደጃችን ቆሞ የለ!» ማለቱ አይገርምም። ፈረሱማ አለ። ሕክምናው ግን በፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ የሚመራ ሥራ ነው።

ሰጋር መምረጥ። ለመንገድ ሰጋርን የሚያህል የለም፣ ሰውነት አያንገላታም። እዚህ ግን የሚፈለገው ሰጋር የሚያስቀረው መወዛወዝ ራሱ ነው። ፈረስ ረጋ ብሎ ሲራመድ የልጁን ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል፣ ትንሽም ያዞረዋል። ሰው በእግሩ ሲሄድም ዳሌው የሚንቀሳቀሰው እንዲሁ ነው። በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ልጅ ወገቡን ማጽናትና ሚዛን መጠበቅን በዚህ ይለማመዳል። ስለዚህ እርምጃው የተስተካከለ፣ የማያነክስ፣ የማይደነብር ፈረስ ይፈለግ። የጥምቀት ጉግስ ፈረስ ይቅርብን። ጋሪ ሲጎትት ውሎ ጀርባው የቆሰለም አይሆንም።

የእንጨት ኮርቻ መጫን። የፈረስ ገላ ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀቱና እርምጃው አንድ ላይ ሆነው የተወጠረውን የጭን ጡንቻ ያላላሉ። ኮርቻ መሃል ከገባ ሁለቱም ይቀንሳሉ። ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፎ በሰፊ ጠፍር ማሰር ይሻላል።

እንዳይወድቅ ብሎ በመቀነት ማሰር። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ፈረሱ ከደነበረ ልጁ አብሮ ይጎተታል። ልጁን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ አንዱ ፈረሱን ይስባል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ጭኑን ደገፍ ያደርጋሉ። አጎት ከኋላ ተፈናጦ ልጁን ማቀፉም አይመከርም። ለፈረሱ ሸክም ነው፣ ልጁም ራሱን ችሎ መቀመጥን አይማርም። ሄልሜት ግድ ነው። የሞተር ሄልሜት ግን አንገቱ ላልጸና ልጅ ከባድ ነው፤ ለጋላቢ የተሠራ ቀላሉ ይፈለግ።

ሳያስመረምሩ መጀመር። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ልጆች ላይ የዳሌ አጥንት መውለቅ የተለመደ ነው። የወለቀ ዳሌ ይዞ እግር ከፍቶ መቀመጥ ሥቃይ ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ ራጅ መነሳት ያስፈልጋል። የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተያዘ፣ የጀርባ አጥንቱ ክፉኛ የተጣመመ፣ ወይም 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይውጣ።

ሌላውን ሕክምና መተው። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ቢያደርጋትም በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። ፈረሱ ላይ የምትወጣውም የምትወርደውም ግን በሰው እርዳታ ነበር። የሴሬብራል ፓልሲም ነገር እንዲሁ ነው፤ ፈረስ የተጎዳ አንጎል አይጠግንም። የፊዚዮው እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ ይቀጥል። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

ብዙ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በፊትም ልጁ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ከጀመረ ደክሞታል ማለት ነው፣ ያውርዱት።