አሳው ሳይሆን ዓይናችሁ ይምረጥ፦ ደማቅ የብሬድ ክር ቀለም አመራረጥ

አዲስ አጥማጅ ይዤ ሱቅ በገባሁ ቁጥር የክሩ መደርደሪያ ፊት ስንደርስ ጥያቄው አይቀርም፤ «ይሄን ቢጫ አሳው አያየውም ወይ?» ቢጫው ከሩቅ ይጣራል፣ ብርቱካናማው አለ፣ ሮዙ አለ፣ እጁ ግን ቀጥታ ወደ ጥቁር አረንጓዴው ይሄዳል። እኔም «ዘንጉን የምትይዘው አንተ ነህ ወይስ አሳው?» እለዋለሁ። የብሬድ፣ ማለትም የተጎነጎነ የአሳ ማጥመጃ ክር፣ ቀለም ለያዡ ዓይን ነው የሚመረጠው። የአሳውን ዓይን የምንሸውድበት ሌላ ዘዴ አለ፣ እሱን ቆየት ብዬ አመጣዋለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የማጠምደው ደግሞ በብዛት ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ በተለይ ፀደይ ሲገባ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ በሚባለው ቦታ። ስለዚህ ምሳሌዎቼ የዚያ ወንዝ ናቸው፤ አመራረጡ ግን ሐይቅም ላይ ባሕርም ላይ ይሠራል።

መጀመሪያ ክሩ ራሱ ለምን ቀለም እንደሚያስፈልገው። ብሬድ ከቀጫጭን የፖሊኢትሊን ጭረቶች ተጎንጉኖ የሚሠራ ነው። ጥንካሬው ከቅጥነቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ፓኮው ላይ 20 ፓውንድ የሚለው ብሬድ ውፍረቱ 6 ፓውንድ ከሚሸከም ናይለን ጋር እኩል ነው፣ 10 ፓውንዱ ደግሞ ባለ 2 ፓውንድ ናይለን ያክላል። ይህን የሚያህል ቀጭን ነገር ሠላሳ ሜትር ወርውራችሁ አረንጓዴ ውኃ ላይ በአረንጓዴ ክር ፈልጉት እስቲ።

«ብሬድ አይለጠጥም፣ አሳው ሲነክስ እጄ ላይ ይሰማኛል፣ ማየት ለምን ያስፈልገኛል?» የሚል አለ። ክሩ ተወጥሮ ሳለ ልክ ነው። ችግሩ ክሩ ሲላላ ነው። ሚያዝያ ላይ ሻድ የሚባለው አሳ ከባሕር ወደ ወንዙ ሽቅብ ሲወጣ የምንጠቀመው ጣት የማታክል፣ ቀለም የተቀባ የእርሳስ ብረት ያላት መንጠቆ ነች። ወደ ወራጁ ማዶ ትወረውሯታላችሁ፣ እንድትሰምጥ ትተዋታላችሁ፣ ወንዙ ክሩን ደጋን አድርጎ ይዞት ይወርዳል። በዚህ ጊዜ እጃችሁ ላይ ምንም የለም። አሳው የሚይዛት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እየሰመጠች ሳለ ነው። ምልክቱን የምታገኙት ክሩ ውኃ የሚነካበት ቦታ ላይ ነው፦ እየተንሸራተተ የነበረው ክር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይም የጣት ስፋት ታህል ወደ ጎን ይዘላል፣ ወይም ደጋኑ ሳይታሰብ ይፈታል። እጅ እስኪሰማው የጠበቀ ሰው መንጠቆውን ባዶውን ይስባል። ክሩ የሚታየው ሰው ግን ያኔውኑ ዘንጉን ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው ጥቅም ከሰው ጋር ለመኖር ነው። በሚያዝያ ቅዳሜ ፍሌቸርስ ዳር ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው። የእኔ ክር በጎረቤቴ ላይ አለፈ ወይስ በታች? ሁለታችንም የምናየው ክር ከሆነ በአንድ ቃል እንግባባለን፣ ካልሆነ ግን ግማሽ ሰዓት ቋጠሮ ስንፈታ ነው የምንውለው። ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር) ላይ ተላልቶ የተጠቀለለ ቀለበትም ቀጣዩን ውርወራ ከማበላሸቱ በፊት በደማቅ ክር ላይ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሱቅ ውስጥ በአምፑል ብርሃን ነጭ ግድግዳ ፊት የሚያበራው ክር ወንዝ ዳር የሚያበራው ላይሆን ይችላል። ወሳኙ ከክሩ ጀርባ የሚኖረው ነው፦ የማዶው ዛፍ ጥላ? ውኃው ላይ የወደቀ ሰማይ? የደፈረሰ ጎርፍ? ይህን ገንዘብ ሳታወጡ የምትፈትሹበት የራሴ ዘዴ አለኝ። እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ ለቀሚስ ጥልፍ ያመጣችው ክር ትራፊ ነበራት፤ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ሎሚ አረንጓዴ። የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ስለሆነ አንዷን ብቻ ነጥሉ፣ ያለበለዚያ ወፍሮ ያታልላችኋል። ከየቀለሙ አንድ ክንድ የሚያህል ቆርጣችሁ በሁለት እንጨቶች መካከል ጎን ለጎን ወጥሩና እንጨቶቹን ውኃው ጫፍ ላይ ትከሉ። ሃያ እርምጃ ወደኋላ ሂዱ፣ ከክሮቹ ጀርባ ውኃው እንዲሆን ቁጢጥ በሉ። የትኛው ቀድሞ ጠፋ? የትኛው እስከ መጨረሻ ቆየ? ይህን የምታደርጉት በምታጠምዱበት ሰዓት ይሁን፤ በቀትር ተፈትኖ ለምሽት የተገዛ ክር ዋጋ የለውም። የጥልፍ ክር እንደ ደማቅ ብሬድ የፍሎረሰንት ቀለም የለውም፣ ግን የትኛው የቀለም ዘር ከየትኛው ጀርባ ጋር እንደሚጣላ በደንብ ይነግራችኋል።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቀለም ብቻ የሚገዛ ሰው ሎሚ አረንጓዴውን፣ ያንን ቢጫም አረንጓዴም ያልሆነውን ይግዛ። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን አብልጦ የሚቀበለው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው፣ እሱም ይሄው ቀለም ነው። የመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ ዘንቦ ፖቶማክ ከላይ ከሸናንዶዋ ወንዝ አፈር ይዞ ሻይ በወተት ሲመስል ብርቱካኑና ቀዩ ቡናማው ውስጥ ይሟሟሉ፣ ሎሚው ግን ይቀራል። ሲመሽም ይጠቅማል፤ ጨለም ሲል የዓይናችን ብርታት ወደ 507 ናኖሜትር፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው በኩል ስለሚሸሽ ቀይ ነገር ከሁሉ ቀድሞ ይጠቁራል። አምሽቶ የሚያጠምድ ሰው ቀይ ክር ለምን እንደሚገዛ አይገባኝም።

ሎሚው የሚሸነፍበት ጊዜ አለ፣ እሱም የዚህ አገር በጋ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ የማዶው ዛፍ ቅጠል በሙሉ ውኃው ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲመታው ወንዙ ራሱ ሎሚ ይሆናል። ያን ጊዜ ብርቱካን ወይም ሮዝ ይሻላል። መከር ሲመጣ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቢጫና ብርቱካን ቅጠል ውኃውን ሞልቶት ሲንሳፈፍ ሮዙ ብቻውን ይቀራል። ሮዝ ክር ሲያዩ የሚስቁ ወንዶች አሉ፤ ይሳቁ።

ነጭና ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከጥላ ፊት ቆንጆ ናቸው፣ ደመናማ ቀን ውኃው ብር ሲሆን ግን ዓይናችሁ እያየ ይጠፋሉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣ ደግሞ ስለ ቀለም ማውራት ከንቱ ነው፣ ማንኛውም ክር የጥቁር ጭረት ነው የሚመስለው። ቦታ ቀይሩ። ሰማያዊውን እለፉት። በየ10 ሜትሩ ቀለም የሚለዋወጠው ባለብዙ ቀለም ክር ጥልቀት ለመቁጠር የተሠራ ነው፤ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ በጀልባ ቁልቁል ለሚያወርድ ሰው እሰየው፣ ከዳር ለሚወረውር ግን ግማሹ ጊዜ የማይታየው ቀለም ላይ ይወድቃል።

ዓይናችሁንም እወቁ። አብሮን የሚያጠምድ አንድ ጋሼ አለ። ብርቱካን ክር ገዝቶ ሁልጊዜ «የት ሄደ?» ይላል፣ እኛ ከጎኑ ሆነን ፍንትው ብሎ ይታየናል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ የትራፊክ መብራቱን በቀለሙ ነው የሚለዩት በቦታው?» ብዬ ጠየቅሁት። «በቦታው ነው እንጂ! ላይኛው ቁም ነው» አለኝ። ቀይና አረንጓዴን አለመለየት በወንዶች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ብርቱካን በአረንጓዴ ውኃ ላይ ማለት ምንም በምንም ላይ ነው። ቢጫ አስገዛነው፣ ጥያቄውም ቆመ። መነጽርም እንዲሁ ነው። ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፖላራይዝድ መነጽር የግድ ነው፤ ቡናማ ወይም አምበር መስታወት ያለው ሎሚውንና ቢጫውን ያጎላል፣ ግራጫው ቀለሙን እንዳለ ይተወዋል። የጥልፍ ክሩን ፈተና መነጽራችሁን አድርጋችሁ ሥሩት።

ወደ አሳው ዓይን እንመለስ። ብሬድ ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ ከሥር ወደ ላይ ለሚያይ አሳ ጥቁር አረንጓዴውም ቢጫውም ሰማይ ላይ የተሰመረ መስመር ነው፤ «የማይታይ» ተብሎ የሚሸጠው አረንጓዴ የሚሰወረው በዋናነት ከእናንተው ነው። መፍትሔው ሊደር ነው፦ ከብሬዱ ጫፍ ላይ የሚቋጠር ብርሃን የሚያሳልፍ ፍሎሮካርቦን። በደፈረሰ ውኃ አንድ ክንድ ይበቃል፣ በጠራ ውኃ ግን ከሁለት ሜትር አላሳጥርም። ቋጠሮው ድርብ ዩኒ ቢሆን ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ኤፍጂ የሚባለው ቀጭን ስለሆነ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ሳይነካ ያልፋል፣ ግን እጅ እስኪለምደው ያበሳጫል። ሊደር ከሌላችሁ የብሬዱን የመጨረሻ ሁለት ሜትር በማይለቅ ጥቁር ማርከር ቀቡት፣ ለአንድ ቀን ያገለግላል።

ስለ ሊደር የማልጨነቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 ፖቶማክ ውስጥ የተገኘውና አሁን የተዛመተው ስኔክሄድ የሚባል አሳ ነው፤ እሱን የምናጠምደው በውኃ አበባ ቅጠል መካከል በፕላስቲክ እንቁራሪት ስለሆነ ወፍራም 50 ፓውንድ ብሬድ በቀጥታ ይታሰራል። ሌላው የሌሊቱ ብሉ ካትፊሽ ነው፣ የእኛው አምባዛ ዘመድ። እሱ በማሽተትና በጢሙ ነው የሚያድነው፣ የክር ቀለም ጉዳዩ አይደለም፤ ድንጋይ እንዳይበጥሰኝ ብቻ አንድ ክንድ ወፍራም ናይለን አስራለሁ። ሌሊት ክሩን በአልትራቫዮሌት መብራት እያየ የሚያጠምድ ሰው ሱቅ ሲሄድ የብር ኖት የሚፈተሽበትን ትንሽ አልትራቫዮሌት ባትሪ ኪሱ ይክተት። ፓኮው ላይ «ደማቅ» ተብሎ ከተጻፈባቸው ክሮች አንዳንዶቹ ሲበራባቸው እንደ መብራት ይነዳሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ዝም ይላሉ፣ ዋጋቸው ግን አንድ ነው።

ስለ ቀለም መልቀቅ አንድ ነገር። የብሬድ ጭረት በተፈጥሮው ነጭ ነው፣ ቀለም ውስጡ አይዘልቅም፣ ከላይ ነው የሚለበጠው። ስለዚህ ይለቅቃል። ሁሉም ይለቅቃል፤ ልዩነቱ በፍጥነቱ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጫፉን በረጠበ ጣት አሸት አድርጉት፣ ጣታችሁ ቢጫ ከሆነ መልሱት። የነጣ ክር ግን ደከመ ማለት አይደለም፣ ጭረቱ ካልተነጫጨ ጥንካሬው አለ። ሲነጣባችሁ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ገልብጡት፦ ክሩን ሜዳ ላይ ሁለት ዛፍ ዞራችሁ አውጡትና ከነጣው ጫፍ ጀምራችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ሌላ ባዶ ሪል አዙሩት። ፀሐይ ያላየው የሥረኛው ግማሽ ወደ ላይ ይመጣል፣ ቀለሙም እንደ አዲስ ነው። ብሬድ በለሰለሰ ሪል ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን መጠቅለል አትርሱ።

ለአገር ቤት ክር የምትልኩም አላችሁ። እኔ ያደግሁት ሐዋሳ ነው፣ አሞራ ገደል ዳር በናይለንና በቡሽ፣ ቆሮሶ እያልን። ወንድሜ አሁንም እዚያ ያጠምዳል፣ ለእሱ የምልከው ብርቱካን ነው፤ ሐይቁ አረንጓዴ ይላል፣ ዳሩም ደንገል ነው። ላንጋኖ ለሚሄድ ግን ሎሚ ነው የምልከው፣ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ቀላ ያለ ቡናማ ነውና ብርቱካን ይውጠዋል። ከክሩ ጋር አንድ የልጆች መቀስ አብራችሁ ላኩ። ብሬድ በጥርስ አይበጠስም፣ በስብሶም አያልቅም፣ አሞራ ገደል ላይ የአሳ ትራፊ የሚለቅሙት አባ ኮዳዎች ደግሞ እግራቸው በወደቀ ክር ይጠመጠማል። ቁርጥራጩን ደንገሉ ውስጥ እየፈለገ እንዲለቅም ነግሬዋለሁ፤ ብርቱካን ስለሆነ ሁሉንም ያገኘዋል።